የአሥራ አራት ቁጥር ጥሪ

«ድንጋዩን ገልብጠሽ ነው የከተትሽው» ይለኛል ሩበን። ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታላቅ ወንድም። የሬዲዮዋን ጀርባ ከፍቶ አራቱን ባትሪዎች አንድ በአንድ እያወጣ መልሶ ይከታል።

«ገልብጬም ይሁን አቃንቼ፣ ታወራ እንደሆነ አስወራት። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ባሌን ኤልደንን ይጠሩታል። እኛ ዘንድ በፈቃዱ እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው ሲሞት ወጉ ይኸው ነው። ጓደኞቹ የእሳት አደጋ ጣቢያው ደጅ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ጠሪዋ በሬዲዮ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ትጠራለች፤ የሚመልስ የለም። «አሥራ አራት አይመልስም፤ ሥራውን ጨርሷል» ትላለች፣ በቃ። የቀብሩ ዕለት በረዶው መንገድ ዘግቶ ስለነበር ለዛሬ አስተላለፉት። የእኔ ሰውዬ አርባ አንድ ዓመት አሥራ አራት ቁጥር ነበር።

«ከሰው ጋር መቆም ሲገባሽ እዚህ ማዕድ ቤት ከዕቃ ጋር ትጣያለሽ» ይላል ሩበን።

«አልቆምም አልኩ፣ አልቆምም! አፈሩ ሳይደርቅ ቁጥሩን ለሌላ ሰጡት። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሩበን! እኔ ቱታውን ገና ከመስቀያው አላወረድኩም። የጣቢያው አለቃ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ቁጥር ባዶ አይቀመጥም፣ ወይዘሮ ቨርና።› እሺ፣ ወንበሩም ባዶ ነው፣ ናና ተቀመጥበታ!»

«እንደዚህ አልሽው?»

«አላልኩትም። ሚስቱ የጋገረችውን የድንችና የሥጋ ትሪ ታቅፎ ነበር የመጣው። ምግብ የታቀፈ ሰው እንዴት ይሰደባል?»

ቁጥሩን የወሰደው ካርስተን ይባላል፤ አምና ከከተማ የመጣ የከብት ሐኪም። እጁ ለላም መልካም ነው ይላሉ። ለላም ይሁናላ!

ይቺ ሬዲዮ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። የእሳት አደጋውን፣ የፖሊሱን፣ የባቡሩን ወሬ እየዞረች ትለቅማለች። ኤልደን በሕይወት ሳለ እኔ ነክቻት አላውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ግን በየቀኑ እከፍታታለሁ፤ ዝም። ወለወልኳት፤ ዝም። ዛሬ ጠዋት ሰደብኳት፤ ለስድቡም ዝም።

ሩበን አንቴናዋን ነቅሎ ያያል፣ ይነፋበታል፣ መልሶ ጥብቅ አድርጎ ያስራታል። ምንም። «የቆርቆሮ ግድግዳ ድምፅ ይውጣል፣ ነይ» ብሎ በረንዳ ያወጣኛል። የነብራስካ ነፋስ ቀሚሴን ይገልባል እንጂ ከሬዲዮዋ ትንፍሽ የለም። ተመልሰን እንገባለን። ሰዓቱን አያለሁ፤ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከሰው ፊት መቅረቱን እኔው ወድጄ ነው የመረጥኩት፤ ስሙ ሲጠራ አለመስማት ግን አልወደድኩም።

«ይቺን ማዞሪያ ማን ነካት?» ይላል ሩበን፣ ድንገት።

«እኔ ነኛ። በቀብሩ ማግስት ስከፍታት እንደ ተጣደ ዘይት ተንጫጫችብኝ፤ ራሴን አመመኝ። እስክትተወኝ ድረስ አዞርኳት።»

ሬዲዮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ትክ ብሎ ያየኛል።

«አንቺ ሴትዮ! እሷ እኮ በር ናት። ጫጫታው እንዳይገባ ጥርቅም አደረግሻት፣ ሰዉም አብሮ ውጭ ቀረ። ጣቢያው ሃያ ማይል ነው፤ ድምፁ ደክሞት ነው እዚህ የሚደርሰው። ጫጫታው እስኪመጣ መልሰሽ ትለቂያታለሽ፤ ከዚያ ቀስ እያልሽ፣ ልክ ጸጥ ሲል ታቆሚያለሽ። ከዚያች ፀጉር ታህል አታልፊም።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የጣቢያው ሰዎች ዝም ያሉት አፍረው መስሎኝ ነበር» እለዋለሁ።

ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ማዞሪያዋን ይለቃል። ጫጫታው ማዕድ ቤቱን ይሞላዋል። ቀስ እያለ ይመልሳታል፤ ጸጥ። ወዲያው የማርሊስ ድምፅ አጠገቤ እንደተቀመጠች ሆኖ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ባሌን ከገበታ ስታስነሳብኝ የኖረች ጠሪ እሷ ናት።

«አሥራ አራት።»

ሩበን ቆቡን ያወልቃል። ሬዲዮዋ ዝም ትላለች።

«አሥራ አራት።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ እይዛለሁ። ከሦስተኛው በኋላ የሚመጣውን ዝምታ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

«አሥራ አራት።»

«አቤት፣ አሥራ አራት!»

የወንድ ድምፅ ነው። ቶሎ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ። ቀጥሎ ያው ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ወይኔ» ይላል። ከዚያ ማንም አይናገርም። ማርሊስም አትናገርም። ምን ትበል? አይመልስም እንዳትል፣ መለሰ።

«ይሄ የላም ሐኪም!» ሩበን ፊቱ በርበሬ ይመስላል። «በሰው ለቅሶ! እንዴት አንድ ሰው ‹ዛሬ አንተን አይደለም› አይለውም? እንዴት ያለ ጉድ ነው!»

ብድግ ብዬ ኮቴን አነሳለሁ።

«ወዴት ነው?»

«ጣቢያ። ተነስ ንዳልኝ።»

«ተይው እባክሽ። ደንግጦ ነው። በሕዝብ ፊት አትስደቢው።»

«እሰድበዋለሁ እንጂ! ‹አቤት› ምን ማለት ነው? አርባ አንድ ዓመት ሲጠራ ኤልደን አንድ ቀን አቤት ብሎ ያውቃል? ‹አሥራ አራት፣ መጣሁ› ነው የሚባለው። መጣሁ! ቁጥሩን ሲሰጡት ይህችን የምታህል ነገር የሚያስተምረው አንድ ሰው ጠፋ?»

ሩበን የመኪናውን ቁልፍ ኪስ ኪሱን ሲፈልግ፣ እኔ ኮቴን አዛንፌ ቆልፌ ደረጃውን ወርጃለሁ።