የአፋፉ ጥቁር ድንጋይ

በ1960 ዓ.ም. በጋ ክንፈሚካኤል የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ ከቡሬ በታች ዓባይ አፋፍ ላይ ወዳለች መንደር መጣ። ሜትሩን ሲዘረጋ ገበሬው ተደናገጠ።

«ቀላድ ሊጥልብን ነው!»

«መሬት አልለካም፤ የድንጋይ ከሰል ነው የምፈልገው» አለ። ገደሉ ላይ ቢጫ የአሸዋ ንጣፍ አሳያቸው። «ይህ ጥንት ነፋስ ያመጣው ነው። ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሰል ከሆነ ይቆፈራል፤ እናንተም ሌላ አገር ትሰፍራላችሁ።»

«ነፋስ ያመጣውን ነፋስ ይውሰደው» አሉ አቶ ገብረ ሕይወት። ርስታቸው ከአሸዋው በላይ ነበር።

እንግዳው ያረፈው እሳቸው ቤት ነው። ልጃቸው ወለተ ሥላሴ ፍኖተ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ተመልሳለች። ሰው ፊት ዓይኗን ከመሬት አትነቅልም። እሱ የቆፈረውን ድንጋይ በከረጢት ትከታለች፣ የተገኘበትን ስፍራ ጽፋ አፉን ትሰፋለች። ጎረቤታቸው ዘሩ በአህያ ቡሬ ያደርሳል፤ ከዚያ በመኪና ለምርመራ አዲስ አበባ ይሄዳል።

በወሩ መልስ መጣ፦ ተራ ድንጋይ ነው፣ ከሰል አይደለም። እንደገና ተላከ። መልሱ ያው ሆነ።

«ከመንገድ ማን ለወጠው?» አለ ክንፈሚካኤል፣ ዘሩን አስቁሞ።

«እኔ ምን በወጣኝ! ስፌቱን እንኳ አልነካሁ።»

«ታዲያ ድንጋይ ራሱን ይለውጣል?»

ዘሩ ታቦት ፊት ቆሞ ማለ። ጎረቤቶቹ ግን እየተጠቃቀሱ፣ «አበጀህ! አገር አዳንህ። ምነው መማሉን ብትተወው!» አሉት። በሐሰት የማለ ከእኛ ጋር አይጠጣም ብለው ከጽዋ ማኅበራቸው አስወጡት።

ክንፈሚካኤል ሊሄድ ጓዙን ሲያስር ከማድ ቤት በኩል ሽታ መጣበት።

«እማማ እማዋይሽ፣ ይህ ድኝ ድኝ የሚለው ምንድን ነው?»

እናቲቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ኩበቱ ስላልደረቀ ነው፣ ጋሼ» አለች ወለተ ሥላሴ። አንገቷን ደፋች።

እሱም ዓይን አፋርነቷ አሳዝኖት ሳቀ። «ከዚህ አገር ሰው ያመንሁት አንቺን ብቻ ነው» ብሎ የደረት ኪሱን ብዕር ሸለማት።

ዘሩ ጽዋው ሳይመለስለት ሃያ ዓመት ኖረ። ትናንት ቀበርነው።

ይህን የጻፍሁት በዚያ ብዕር ነው፤ ያን በጋ የእናቴ ምድጃ ኩበት አልነደደበትም።