ሳሂብ የወጡበት ማንጎ

በሕንድ፣ በኩማዖን ተራሮች ባለችው በሲላኮት መንደር ግርጌ ሁለት የማንጎ ዛፎች አሉ። አንደኛው ያለው ከዱንጋር ሲንግ ሻይ ቤት በር ላይ ነው። ሌላው ኪም ሲንግ እንግዳ በሚያሳድርበት ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱም ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ሰሌዳዎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ሳሂብ ሰው በላውን ነብር የገደሉት እዚህ ዛፍ ላይ ተቀምጠው ነው።»

ሳሂብ የሚባሉት በድሮ ጊዜ ነብር የኩማዖንን ሰው ከየማሳው እየለቀመ ሲበላ፣ በእግራቸው መጥተው የገላገሉን አዳኝ ናቸው። ኋላ ጠመንጃቸውን ሰቀሉና «ጫካውንም ነብሩንም ተዉት» እያሉ ሲለምኑ ኖሩ። ያዩትን ደግሞ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ በመጽሐፍ ጻፉት። ያን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ዛፉን ካላየሁ ይላል። ከቦምቤይ ይመጣል፣ ከካልካታ ይመጣል፤ ግንዱን ያቅፋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያድራል።

መጽሐፉ ስለ ዛፉ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ከምንጩ ሃምሳ እርምጃ ላይ ያለ ማንጎ። ዱንጋር አጭር ነው፤ የእሱ ሃምሳ እርምጃ የሚያልቀው ልክ ከራሱ ዛፍ ሥር ነው። ኪም ሸንበቆ የመሰለ ሎጋ ነው፤ የእሱ ሃምሳ እርምጃ ከገዛ ግቢው ያደርሰዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ውሸታም!» ሲባባሉ ኖሩ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ሁለቱም ዛፎች ከሚቆረጡት ውስጥ ገቡ። ደግነቱ የመንገዱ ኃላፊ ኢንጂነር ጆሺ መጽሐፉን ሰባት ጊዜ ያነበበ ሰው ሆኖ ተገኘ።

«የሳሂብን ዛፍማ መጋዝ አይነካውም» አለ። «መንገዱ ይጠመዘዛል። የትኛው እንደሆነ ግን አረጋግጡልኝ። ሌላው ይቆረጣል።»

በሕይወት ያለ አንድ ምስክር ብቻ አለ። እማማ ሃሩሊ ዘጠናን ካለፉ ሰነባብተዋል፤ ሳሂብ በመጡበት ዓመት ገና ለመንደሩ አዲስ የሆኑ የልጅ ሙሽራ ነበሩ።

ዱንጋር ከአልሞራ ከተማ የመጣ ጣፋጭ አንድ ካርቶን ይዞ ሄደ።

«እማማ፣ መቼም እውነቱን ያውቁታል።»

«አሳምሬ!» አሉና አንዱን ጎረሱ።

ኪም ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ።

«እማማ፣ ነገ ኢንጂነሩ ሲጠይቅዎት…»

«እውነቱን ነዋ የምናገረው» አሉ፣ ብርድ ልብሱን እየዳበሱ።

መንደሩ እማማ ለማን እንደተሸጡ ይወራረድ ጀመር። ክረምቱ እየመጣ ስለነበር ብዙው ሰው በብርድ ልብሱ አሲዟል።

ጠዋት ኢንጂነሩ መጽሐፉን በብብቱ፣ ሜትሩን በእጁ ይዞ መጣ። የዱንጋርን ዛፍ ለካና ፊቱን ቋጠረ።

«ለሳሂብ ዘመን ትንሽ አልቀጠነም?»

«ድንጋይ ላይ የበቀለ ነው፤ ምን በልቶ ይወፍራል!» አለ ዱንጋር ፈጠን ብሎ።

የኪምም ያው ነው። ኪም ላቡን ጠረገና «ጎብኚው እያቀፈ አመነመነብኝ» አለ።

እማማ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ደረሱ። በኪም ዛፍ አጠገብ ሲያልፉ ግንዱን በከዘራው ቸብ አደረጉት። «አንተ ሰነፍ፣ ዘንድሮም ሦስት ፍሬ ብቻ?»

«እማማ፣» አለ ኢንጂነሩ፣ «ሳሂብ የተቀመጡት የቱ ላይ ነው?»

እማማ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። መጋዙን ዘይት የሚቀባውን ሠራተኛም አዩ።

«ሌላው የእውነት ይቆረጣል?»

«ይቆረጣል።»

«እንግዲያው ሁለቱም ላይ ተቀምጠዋል» አሉ።

ጫጫታው ቀለጠ። ኢንጂነሩ መጽሐፉን ገለጠ። «እማማ፣ እዚህ እኮ አንድ ዛፍ ነው የሚለው!»

«መጀመሪያ የወጡት እዚህኛው ላይ ነው» አሉ ወደ ዱንጋር ዛፍ እየጠቆሙ። «ቀይ ጉንዳን ሱሪያቸው ውስጥ ገባ። ዘለው ወረዱና ወደዚያኛው በረሩ። ነብሩን የመቱት ከዚያ ሆነው ነው። አንተስ ብትሆን በመጽሐፍ ትጽፈዋለህ ልጄ? ምንህን ምንህን እንደነከሰህ?»

ኢንጂነሩ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሰባት ጊዜ ሳነበው እኮ እዚህ ጋ የጎደለ ነገር አለ እል ነበር!» አለና በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀመረ። «ጉንዳኖቹ ትልልቅ ነበሩ፣ እማማ?»

«የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ።»

ያንንም ጻፈው። ከዚያ ካርታውን ዘርግቶ መንገዱን በሁለቱም ዛፎች ዙሪያ አጠማዘዘ። ሠራተኛው መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ መኪና ላይ ጫነ።

ኢንጂነሩ ከሄደ በኋላ ዱንጋርና ኪም በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«በብርድ ልብስ ገዛሃቸው አይደል?» አለ ዱንጋር።

«አንተስ በጣፋጭ!»

ዱንጋር ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርህ፣ አያቴ ስለ ዛፉ አንዲት ቃል ነግሮኝ አያውቅም።»

«የኔም አያት እንደዚያው» አለ ኪም። ተያይተው በሳቅ ፈረሱ።

እማማ ከፊት ለፊታቸው ብርድ ልብሱን ተከናንበው ካርቶኑን እየጨረሱ ነበር።

«እማማ፣» አለ ኪም፣ «እንግዲህ እኛው በኛው ነን። ሳሂብ የወጡበት የቱ ነው?»

«እሱንማ አማቴ ለበኩር ልጄ ስም ማውጫ ድግስ ማገዶ አድርገው ፈለጡት፤ እኔ ተናደድኩና በዚያው ክረምት እነዚህን ሁለቱን ተከልኩ።»