ፒስተን ነው ወይስ ተርባይን

በካላክላ ሰፈር ሰማይ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ጸሐይወርቅ የምትሮጠው ወደ ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ስለሺ ግቢ ነበር።

ጋሽ ስለሺ ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጦርነቱ ሰፈሩን ካራቆተው ወዲህ በመንገዱ ላይ አማርኛ የሚናገሩ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ደጁ ላይ፣ ባዶ በርሜል አጠገብ ይቀመጣል። መዳፉን በርሜሉ ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት ይቆይና ይፈርዳል።

«ፒስተን ነው» ካለ ድሮን ነው፤ ውሃ መቅዳቱ ይቀራል። «ተርባይን ነው» ካለ ጭነት የያዘ ነው፤ ጀሪካኗን አንስታ ትወጣለች። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ልዩነቱን ስትጠይቀው ደስ ይለዋል። ድሮ ሁሉም ፒስተን ነበር ይላል፤ እሳቱ ብረቱን እየገፋ፣ እያንዳንዱ ምት ለብቻው እየታወቀ። ተርባይን ሲመጣ ምቱ ቀረ፤ እሳትና ነፋስ ሳያቋርጡ መሽከርከር ብቻ ሆነ። ጉልበቱ በዛ፣ ጣጣው ቀነሰ። የእሱ ልብ ግን ፒስተኑ ዘንድ እንደቀረ ነው።

እሷ ከዚህ ሁሉ እኩሌታውን እንኳ አታዳምጥም። ቀልቧን የወሰደው እሷን የሚያይበት ሁኔታ ነው። ስታወራ ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። አቧራ ሲነሳ እንዳገሩ ሴቶች የተከናነበችውን ቶብ አፏ ላይ ከሳበች «ግለጪው እስቲ፣ ጸሐይ» ይላታል። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። እያደር ግን አቧራ በሌለበትም ትስበው ጀመር፤ ግለጪው እንዲላት። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ መሆኗ ራሷንም ያስቃት ነበር።

ደፋር ግን አይደለም። ሲመሽ በሩን ይዘጋል። በግንቡ በኩል ብትጣራ አቤት አይላትም። ሰው እንዳያማቸው ፈርቶ ነው ብላ ተወችው።

በመጨረሻ ገዳሪፍ ያለችው እህቷ ነይ አለቻት። ጸሐይወርቅ መሄድ አልፈለገችም። ብቻዋን መኖሩም አንገሽግሿታል። የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ ቅሪ የሚል።

ጠዋት ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «እኔ ዛሬ መሄዴ ነው፣ ጋሽ ስለሺ። ምን ይሉኛል?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሰላም ግቢ» አለና ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ የምድጃውን አመድ መጥረግ ጀመረ።

ፊቱን እያየች የማትደፍረውን ለጀርባው ነገረችው። አንቱታውንም ጣለችው።

«ስለሺ፣ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። እኔ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።»

መጥረጉን ቀጠለ። ቆማ ጠበቀችው። እጁ እንኳ አላረፈም። ለመነችው ማለት ይቻላል፤ ከዚህ በላይ ግን ሴት ልጅ ምን ትላለች? ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።

በባጃጁ መናኸሪያ ያደረሳት ማግዲ ነው። እናቱ ሐበሻ ናት፤ ከጦርነቱ በፊት ከጋሽ ስለሺ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ሠርቷል። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮቱ ጥቅሏን እያቀበለ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃት።

«ካላክላ ውስጥ እንደ ስለሺ ያለ ጆሮ የለም ይባላል» አለች። «የሰማዩን ሁሉ ይሰማል። እኔን ግን ልመልስልሽ እንኳ አላለኝም።»

ማግዲ ከአውቶቡሱ ጎን እየሮጠ ግራ ገብቶት አያት። «የምን ጆሮ፣ ያ ኻልቲ፣ አክስቴ? እሱ እኮ ወላሂ ምንም አይሰማም፤ ጆሮውን የጄት ሞተር ከወሰደው ቆየ፤ አፍሽን አይቶ ነው የሚያወራሽ።»