የአባዬ እርማት

«ተሳሳትሽ! አሁንም ያችኑ ስህተት!»

አባቷ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረገ። ልጅቷ ራሷን ያዘች። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር ለጥናት የተቀመጠችው።

«እሺ፣ ምን ልበል?»

«ደስ ብሎኛል ለማለት ምን ትያለሽ?»

«አይ አም ሃፒ።»

«ዝግጁ ነኝ ለማለትስ?»

«አይ አም ሬዲ።»

«ታዲያ እስማማለሁ ስትይ 'አም'ን የት ጣልሻት? አይ አም አግሪ! በይ እስኪ።»

«አይ አም አግሪ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማቸው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው። እንግዳ ተቀባዮች ይፈልጋል፤ ፈተናው እዚሁ ከተማቸው ውስጥ ይሰጣል፤ የቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ። ልጅቷ ደግሞ ልብስ ንጽህና ቤት ተቀጥራ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ዕድሜዋ በእንፋሎት እያለቀ ነው። ይህ ፈተና ካመለጣት እዚያው ስትተኩስ ታረጃለች፤ በቃ።

አባቷ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ታላቅ ወንድሟን ለእንዲህ ያለ ፈተና ያዘጋጀው እሱ ነበር። ወንድምየው በመጀመሪያው ሙከራ አለፈና ባሕር ተሻገረ፤ አሁን ሲታወሰው ይደውላል። እናትየው ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ወንድሜ የተማረበት መጽሐፍ የት ገባ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ለሰው ሰጠሁት። እኔ እያለሁልሽ መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል?»

ጎረቤታቸው፣ የሱፐርማርኬት ካሸሯ፣ አብሮ አደጓ ናት። እሷም ለዚሁ ፈተና ተመዝግባለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሲገናኙ «አንቺ፣ 'አም' አያስፈልገውም እኮ፤ አይ አግሪ ነው የሚባለው» አለቻት።

ልጅቷ ቤት ገብታ ይህንኑ ለአባቷ ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሆቴሉ ብዙ ሰው ነው የሚወስደው?»

«ጥቂት ነው አሉ።»

«እሷም ቦታውን ትፈልገዋለች?»

«እንዴታ!»

«እንግዲህ አስቢበት።»

አሰበችበት። ደሟ ፈላ። አብሮ አደጌ ብላ ስታምናት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሸሯን ስታይ ፊቷን ታዞር ጀመር።

ጥናቱ ግን አልቀና አለ። ልክ ነው ብላ ስትናገር «ተሳሳትሽ» ትባላለች፤ ግራ ገብቷት ስትቀይረው «ጎበዝ!» ይላታል። እስክሪብቶውን ነጥቃ በመስኮት መወርወር የሚያምራት ጊዜ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለችው አንዴ።

አባቷ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

«ደደብስ አይደለሽም» አለ በመጨረሻ።

ሌላ ቀን ደግሞ ወጥ ቤት ሆና ዕቃ ስታጥብ ከሬዲዮኑ ጋር ሲጣላ ሰማችው። እንግሊዝኛ ፕሮግራም ላይ ሰው እየተናገረ ነበር። ውሃው እየተንሿሿ ሰውየው ያለውን አልሰማችም፤ የአባቷን ጩኸት ግን ሰማች።

«'አባውት'ን እዚህ ምን አመጣው! ለዚህ ሰው ነው ማይክሮፎን የሚሰጡት?»

ሳቋ መጣ። ሬዲዮኑንም አይምር! እጇን እየጠረገች ስትመጣ ግን ዘግቶት ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሸሚዟን ራሱ ተኮሰላት። የሰው ስትተኩስ የኖረች ልጅ፣ ሆዷ ባባ።

«ያለፈ ሰው ምሳውን እዚያው ነው የሚበላው፤ ዩኒፎርም ይለካል፣ እስከ ማታም አይለቁትም» አለችው። «ካለፍኩ ብቻህን ብላ እሺ? እንዳትጠብቀኝ።»

«ታልፊያለሽ» አለ ኮሌታዋን እያስተካከለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈታኟ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። እንግዳው ክፍል ይቀየርልኝ ቢል ምን ትመልሺለታለሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ደረቷን ነፍታ «አይ አም አግሪ» አለች። የፈታኟ ቅንድብ ከፍ አለ። ልጅቷ አባቷ እንዳስጠናት ቀጠለች፤ «ዊ ዊል ዲስከስ አባውት ኢት።» አሁን ፈገግታውም ጠፋ።

«ማነው ያስተማረሽ የኔ እህት?»

«አባቴ። መምህር ነው።»

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቅርታ» አለች ዝግ ብላ፣ «ያልሽው ሁሉ ስህተት ነው።»

ስትወጣ ካሸሯ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትከሻዋን ለዩኒፎርም ስትለካ አየቻት። ልጅቷ ባገኘችው በር ሾልካ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አውቶቡስ ውስጥ መጀመሪያ ተናደደች። ያ ሁሉ ጥናት! ያ ሁሉ «ተሳሳትሽ»! ምን በድላው ነው ዕድሏን ገደል የከተተባት? ከዚያ ግን ጠዋት ኮሌታዋን ሲያስተካክል የተንቀጠቀጠው እጁ ትዝ አላትና ንዴቷ በረደ። አባዬ አርጅቷል ማለት ነው። ሬዲዮን እንኳ የማይምረው ሰው፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ከእጁ ሲያመልጥ አልታወቀውም። ይህን ቢሰማ በቁሙ ይሞታል።

አትነግረውም። «ቦታው ሞልቶ ጠበቀኝ» ትለዋለች። ሌላም ፈተና ቢመጣ ይቅርባት፤ እንዲህ እየደከመ ብቻውን ጥላው የት ትሄዳለች?

ቤት ስትደርስ ቀትር ነበር። እንባዋን ጠረገች፣ ፈገግታዋን አስተካከለች፣ በሩንም ከፈተች።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህንና ሁለት ማንኪያ ቀርቦ፣ ሾርባው በሁለቱም ላይ እየጨሰ ነበር።