አራት ጣት የረዘመው ቀሚስ

ቀሚሱ አራት ጣት ይረዝማል። እናት ይህን ያየችው ልጇ መድረኩ መሃል ደርሳ ከቆመች በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ መርፌም መቀስም አይደርስላትም።

ከመጋረጃው ጀርባ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍታ ኖራለች፤ የሰው ሙሽራ ስታለብስ የግማሽ ጣት ስህተት ተገኝቶባት አያውቅም። ለገዛ ልጇ ግን ሜትር እንኳ አላወጣችም። «የልጄን ቁመት እጄ ያውቀዋል» ብላ ነው ጨርቁን የቆረጠችው።

እጇ የሚያውቀው የትኛዋን ልጅ እንደሆነ አሁን ገባት። በአራት ጣት የምትረዝመው ትልቋ ናት። ትልቋ «ትኩሳት ነው፣ ያልፋል» በተባለ በሦስተኛው ቀን ሞታለች፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ እናት «ያልፋል» የሚል ሰው አታምንም።

«ትደፋለች» አለች። «በግንባሯ ነው የምትደፋው። አየሽ ጫፉን? እግሯ ሥር ገብቷል።»

«ኧረ እትዬ፣ አፍዎን በመልካም ይክፈቱ» አለች አጠገቧ የቆመችው አሰልጣኝ። «ሦስት ወር አረማመድ ያስተማርኳት ልትደፋ አይደለም። የመጣች ዕለት ስሟን ስጠይቃት የነገረችው ለጫማዋ ነበር። ዛሬ ከእኔ ጋር ትከራከራለች።»

እውነቷን ነው። እህቷ ከተቀበረች ወዲህ የታናሿ ድምፅ ከጉሮሮዋ አልፎ አይሰማም ነበር። የታዳጊዎች የቁንጅና ውድድር አለ ሲባል ግን ቅጹን ራሷ ሞልታ አመጣችው። እናት የፈረመችው ትልቋ ብትኖር ደስ ይላት ነበር ብላ ነው። ዛሬ ጠዋትም ፀጉሯን እንደ ትልቋ ወደ ግራ ከፈለችላት። አሁን በመድረኩ መብራት ከኋላ ስታያት አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ሁሉ ነገሯ ያቺ ሆነባት። ብትዞር የማን ፊት እንደሚመጣ እርግጠኛ አይደለችም።

ዳኛዋ ማይኩን ጠጋ አደረገች። «ማንን መምሰል ትፈልጊያለሽ?»

መልሱን እናትም በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ያስጠናቻት እሷ ናት። «እህቴን» አለች በከንፈሯ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀድማ።

ልጅቷ ጎንበስ አለችና የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጇ ሰብስባ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያዘችው። ጠፍጣፋ ጫማዋ ታየ።

«እህቴን ልል ነበር» አለች፤ ድምጿ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። «እህቴ ሞታለች። በጣም እወዳታለሁ። እሷን መምሰል ግን ደክሞኛል።»

እናት ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች። ትልቋ ሰምታ እንደሆነ ለማየት ነበር። በሩ ከተከፈተው መልበሻ ክፍል መስታወት በቀር ምንም አልነበረም፤ መስታወቱም ውስጥ ራሷ ብቻ ነበረች።

ዘውዱን ሌላ ልጅ ወሰደችው። የእሷ ልጅ ስድስተኛ ወጣች። ሰዉ ተበትኖ፣ አሰልጣኟም የልጅቷን ግንባር ስማ ሄዳ፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

«ቤት ስትለኪው እኮ ልክሽ ነበር» አለች እናት። «ዞሬ ዞሬ አይቼዋለሁ።»

«በእግሬ ጣቶች ቆሜ ነው።»

«ምን?»

«ከቀሚሱ ሥር። ዛሬም እስከ መድረኩ መሃል እንደዚያ ሄድኩ። ከዚያ አቃተኝ፣ እማ። ተረከዜን አሳረፍኩት።»

«ምነው ብትነግሪኝ፣ ልጄ?»

«ያን ቀን ስለካው ሳቅሽ» አለች ልጅቷ። «ከሞተች ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔን አይተሽ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ደስ አለኝ።»

እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ክፉውን ሁሉ ስታስብ ነበር፦ መኪናውን፣ ትኩሳቱን፣ ደረጃውን። ልጇ ለሚያያት የቆመች፣ ከቀሚሷ ሥር ግን በእግር ጣቶቿ የተንጠለጠለች መሆኗን አላሰበችም።

ከቦርሳዋ ሜትሩን አወጣች። «ተነሺ።»

«አሁን? ቤት አይሻልም?»

«አሁን። በተረከዝሽ ቁሚ፤ ደግሞ እንዳታጭበረብሪኝ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ቆመች። እናት ተንበርክካ ከወገቧ እስከ ወለሉ ለካች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እስከዛሬ ለክታው የማታውቀው የታናሿ ቁጥር ነበር። መቀሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዙሪያውን ቆረጠች። የተቆረጠው ጨርቅ እጇ ላይ ቀረ፤ መጣልም መያዝም አቃታት።

«ስጪኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ አጣጥፋም ኪሷ ከተተችው።

የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በሩ ላይ ብቅ አለ። «እናንተ ሰዎች፣ እዚሁ ልታድሩ ነው? እኔም እኮ ቤት አለኝ።»

ተያይዘው ወጡ። ዘበኛው መብራቱን አጠፋና እጀታውን እንደያዘ ቆም አለ። «ውስጥ የቀረ ሰው አለ?»

እናት ወደ ጨለማው ክፍል አየች። ወንበሮቹን፣ የተሰቀሉትን ባዶ መስቀያዎች፣ የመስታወቱን ደብዛዛ ብርሃን አንድ በአንድ አየች። ዘበኛው አላስቸኮላትም።

«የለም» አለች በመጨረሻ። «ይቆልፉት።»

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።