ኩላንት የሚጨርሰው መኪና

ቀዩ ስፖርት መኪና ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው። የጎኑ ወንበር ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም፤ የተቀመጠበት የለማ። ዛሬም በምሳ ሰዓት ባለቤቱ የጋሽ በዳሳ ጋራዥ በር ላይ አቆመው።

«ያ መብራት መልሶ በራ፣ ጋሼ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ኩላንት ቀንሷል ይላል።»

«አዲስ መኪና! አራተኛ ጊዜው እኮ ነው!» አሉ ጋሽ በዳሳ። ከመካኒኮቹ ጋር አሮጌ ጎማ ላይ የተቀመጠ ትሪ ከበው ሽሮ እየበሉ ነበር። «በል ና፣ መጀመሪያ እንብላ።»

«በልቻለሁ፣ ብሉ» አለ እንደ ወጉ። ደግመው ሲጠሩት ግን ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ዘይት በጠጡት ቱታዎች መሃል ተሸጎጠ። አንዱ አጎረሰው፤ ሌላው በኳስ ተከራከረው። እስኪያስለው ሳቀ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ በዳሳ ኮፈኑን ከፍተው ቱቦውን ሁሉ ዳበሱ። «አንዲት ጠብታ የሚያፈስበት የለም» አሉና ቀና ብለው አዩት። እሱ ዓይኑን ሰበረ። እጁን ታጥቦ ሲመለስ ኩላንቱን ሞልተው፣ ኮፈኑን ዘግተው ጠበቁት።

ማታ ሰፊው የቤቱ ግቢ ውስጥ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ሞተሩ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ኩላንት የሞሉት ሦስት ጠርሙሶች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ባዶ ጠርሙስና ትልቁን ስሪንጅ አንስቶ ኮፈኑን ከፈተ።

የኩላንቱ ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። በቅባት እጅ ተጽፎበታል፦ «ቀድተህ አታውጣው። ነገ ዝም ብለህ ና፤ ምሳ ስድስት ተኩል ነው።»