የአራስ ቤት ካራ

ካራውን ሩዝ ጆንያው ውስጥ ሰድጄ ክንዴን ሳላወጣ አማቴ ከች አሉ። እማማ ገላነሽ ሲገቡ ኮቴ የላቸውም።

«ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ ውስጥ?»

«ነቀዝ ገብቶት እንደሆን ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ባለፈው ሳምንት የገባ ሩዝ ይነቅዛል?»

ውሸት ድሮም አይሆንልኝ። ክንዴን እስከ ብብቴ ቀበርኩት። ባሌ ባየህ ሜዳው ላይ ሩዝ እያሳጨደ ነው፤ እሳቸው የአጫጆቹን ምሳ ይዘው ሊወጡ ነበር። መሶቡን መሬት አስቀመጡና መደቡ ላይ ወደ ተኛው ልጄ ሄዱ። ትራሱን ገለጥ አደረጉት።

«ብረቱስ?»

እኛ ዘንድ ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ያለ ብረት አይተኛም፤ አራስም ብረት ሳትይዝ ደጅ አትወጣም። ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ይላሉ። ይፍራ! እኔ የምፈራው ብረቱን ነው።

አንድ ቀን የልጁን ጨርቅ ስቀይር የካራው እጀታ ከትራሱ ሥር ብቅ ብሎ አየሁት። «ብታነሺውስ?» የሚል ነገር መጣብኝ። «አንሥተሽ አንገቱ ላይ ብታሳርፊውስ?» የሌላ ሰው ድምፅ ቢሆን በተሻለኝ፤ የራሴው ሐሳብ ነው፣ በራሴ አነጋገር የሚያወራኝ። ከዚያ ወዲህ ሳጠባው ይመጣል፣ ሳጥበው ይመጣል፣ በእንቅልፉ ፈገግ ሲል እንኳ ይመጣል። ብናገር ልጄን ይነጥቁኛል፤ አበደች ብለው ለሌላ ሴት ይሰጡብኛል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ካራ ስደብቅ እውላለሁ።

እማማ ገላነሽ መጥተው ክንዴን ከጆንያው መዘዙት። ካራውን ጨብጬው ነበር። ሩዙ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

«ማን ነው ብረት አያስፈልግም ያለሽ? ማንጠግቦሽ ናት? ያቺ ጎረቤት ተብዬ አፏን...»

«ማንም አላለኝም። ይውሰዱልኝ፣ እማማ። ከቤት ያውጡልኝ።»

«ለምን?»

«እንዲያው ይውሰዱልኝ!»

ጮህኩ መሰለኝ። ልጁ ተንቀሳቀሰና መልሶ ተኛ። እሳቸው ፊቴን አዩ፣ ካራውን አዩ፣ ልጁን አዩ። አለቀልኝ አልኩ። እዚያው ሩዙ ላይ ቁጭ አልኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ፣ አጠገቤ እየተቀመጡ። «ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ግማሹን በለቅሶ፣ ግማሹን በሹክሹክታ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ቄሱ በማሰብም ኃጢአት አለ ይሉ የለ? እኔ እንግዲህ በሐሳቤ ልጄን ስንት ጊዜ ገድያለሁ።»

ብድግ ብለው ልጁን ያነሡታል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሡትም።

«አሰብሽው ወይስ መጣብሽ?» አሉኝ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«ኧረ በስመአብ! እንዴት ልዩነት የለውም? የርብ ወንዝ ሞልቶ ጓዳችን ሲገባ አንቺ ጠርተሽው ነው? ልታደርጊው ትፈልጊያለሽ?»

«እኔን ያስቀድመኝ!»

«ታዲያ! ልትጎጂው የምትፈልጊ ብትሆኚ ካራ ትደብቂ ነበር?»

እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ ወደ እኔ ግን አያዩም።

«እኔን ውሃ ጉድጓዱ ነበር የሚለኝ» አሉ። «ባየህን አዝዬ ልቀዳ ስሄድ፣ ‹ጣይው› ይለኛል። እንዲያ እየሳሳሁለት! ‹ፍቺውና ጣይው።› ላብ ያጠምቀኝ ነበር።»

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ ጎረቤት እየለመንኩ አስቀዳሁ። የባሰ አገነነው። በኋላ ሄጄ መቅዳት ጀመርኩ።»

«ሐሳቡስ?»

«አብሮኝ ሄደ፣ አብሮኝ መጣ።»

«መቼ ተወዎት?»

አሁን አዩኝ። ዓይናቸው የአሮጊት ዓይን አልነበረም፣ እንደ እኔ የምትፈራ ልጅ እግር ዓይን ነበር።

«እየሰለቸው ሄደ። አልፎ አልፎ ግን አሁንም ብቅ ይላል። ባየህ ይህን ያህል ጎረምሳ ሆኖ እንኳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቆም ካየሁ ‹ና ወዲህ› እለዋለሁ።» ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «እንቅልፍ ከነሣሽ ነገ ወረታ ጤና ጣቢያ ይዤሽ እሄዳለሁ። እንግዲህ ግን ከእኔ አትደብቂ። በይ፣ ብረቱን ቦታው አድርጊው።»

«እኔ?»

«የማን ልጅ ነው?»

ካራውን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቅ። ትራሱን አነሣሁ፣ አስገባሁት፣ መለስኩት። እማማ ገላነሽ መሶቡን አነሡ።

«ሊሄዱ ነው? እኔን ትተው?»

«አጫጅ ጾሙን ይዋል?»

ወጡ። በሩን ገርበብ እንኳ አላደረጉትም።

ከልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቤቱ ጭር አለ። መጣ፤ ጊዜ አልወሰደበትም። «አሁን ብቻሽን ነሽ» አለኝ። «ማን ይይዝሻል?» እጄን ብብቴ ውስጥ ልሸጉጥ ከጀልኩ። ልጁ ነቃና በተከፈተ አፉ ጡት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ወደ ደረቴ አነሣሁት። አብሮን ተቀመጠ፣ ያ ነገር፤ ያወራል፣ ያወራል። አልመለስኩለትም። ልጁ ይጠባል።

ከአጥሩ ማዶ የማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማ። «ገላነሽ! እንዴ፣ አንቺ! ሕፃኑን ለማን ትተሽው ነው የምትሄጂ?»

እማማ ገላነሽ ከመንገዱ ላይ፣ ሳይቆሙ፣

«ለእናቱ!» ሲሉ ሰማሁ።